የእንቅልፍ ተራ

ኢንሺራህ አንድ ቀን ሱጁድ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ከሆስፒታል ወጥታ፣ እቤቷ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ ለሶላት መቆሟን ታስታውሳለች፤ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ካሳረፈች በኋላ ያለውን ግን አታውቀውም። ባሏ ሸውቂ ለምሳ ሲመጣ እንደ ተደፋች አገኛትና የሞተች መስሎት ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። ሸውቂ መሐላ ወደምትባል ከተማ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የደነገጠውን ድንጋጤ ዋጥ አድርጎ፣ ለተሳፋሪዎቹ ግን ሌላ አድርጎ አወራው። «ሱጁዷ ሲረዝምብኝ ሚስቴ ወልይ ሆነች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ እያንኮራፋች ነው!» እያለ ሰው አሳቀባት።

እሷ አልሳቀችም። ድካም ምን እንደሚያደርግ ከሸውቂ በላይ ታውቃለች። በግብፅ፣ ከጣንታ ወጣ ብላ ባለች ከተማ፣ በመንግሥት ሆስፒታል፣ የሴቶች የውስጥ ደዌ ክፍል ዋና ነርስ ነበረች። ከነርስነት ትምህርት ቤት ወጥታ መጀመሪያ ወደዚያ ክፍል ስትገባ ነጩ ጋዋን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይጎተት ነበር፤ አሁን ሆዷ ላይ አልቆለፍ ብሎ ያስቸግራታል። ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችው በዚያው በአንድ ክፍል ነው።

ድሮ ክፍሉ ሰው ነበረው። ነርሶቹ ስምንት ስምንት ሰዓት ሠርተው እየተቀባበሉ ይወጡ ነበር። ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ፤ ገሚሶቹ ኩዌት፣ ገሚሶቹ ሪያድ፣ የቀሩት ደግሞ ካይሮ ወደሚገኙ የግል ሆስፒታሎች። በሄዱት ቦታ የሚተካ አልመጣም። ስምንቱ ሰዓት አሥራ ሁለት ሆነ፣ አሥራ ሁለቱም ሃያ አራት። ዋና ሐኪሙ ዶክተር ሙርተዳ ነርሶቹን ሰብስቦ «ለጊዜው ነው፣ ታገሡ» አላቸው። ለጊዜው የተባለው ነገር ዓመት ዞረበት፤ ሌላም ዓመት ደገመ።

ኢንሺራህን የቀሰቀሳት ግን የሱጁዱ እንቅልፍ አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልብ መድኃኒት በመርፌ ስባ፣ ከታማሚዋ አጠገብ ቆማ፣ ይህን መድኃኒት ቅድም ሰጥታት እንደሆነ ወይም ገና ልትሰጣት እንደሆነ ጠፋባት። አእምሮዋን ብታስስ ባዶ ነው። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋን ራሷን ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ ይቺን መርፌ ቅድም ወግቼሻለሁ እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ምኑን አውቄ!» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። «የምታውቂው አንቺ አይደለሽ?»

ኢንሺራህ መድኃኒቱን ደፋችው፤ ሐኪሙንም ጠርታ ሴትዮዋን እንዲያያት አደረገች። በሚቀጥለው ቀን አብረዋት ተረኛ የሆኑትን ሁለት ነርሶች ወደ አንሶላ ክፍሉ ይዛቸው ገባች። በአንዱ ጥግ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ፣ በላዩም ንጹሕ አንሶላ ዘርግታለች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ በተራ እንተኛለን» አለቻቸው። «ከቀትር በኋላ ትንሽ፣ ሌሊት ደግሞ ትንሽ። ይሄ ፈቃድ አይደለም፤ ሥራ ነው። ተራዋ ደርሶ አልተኛም የምትል እኔ ጋ አትሠራም።»

ከሁለቱ አንዷ ዊጅዳን ናት፤ ከኢንሺራህ ጋር አብራ የተማረች፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደግ የሆነ ጓደኛዋ። «እኔ ልቅደም» አለች ወዲያው። «እኔ ስደክም የማይደክመው ምላሴ ብቻ ነው፤ ታውቁታላችሁ።»

ሌላዋ ሪሃብ ናት። ከወለደች ገና ስድስት ወሯ ነው፤ ዓይኖቿ ሥር ጥላ እንደ ጠቆረ ነው የምትኖረው። ኢንሺራህን ሁሉም እንደ ታላቅ እኅት «አብላ» ነው የሚሏት። ሪሃብ ፈራ ተባ እያለች፣ «አብላ፣ ተኝተን ቢይዙንስ?» አለች።

«ሳንተኛ ሰው ብንገድልስ?» አለቻት ኢንሺራህ።

ደንቡ ቀላል ነበር። ለመተኛት የምትሄደው ታማሚዎቿን በቃል፣ አልጋ ባልጋ፣ ለጓደኛዋ ታስረክባለች። ስትነቃ ፊቷን ታጥባ ክፍሉን አንድ ጊዜ ሳትዞር መርፌ አትነካም። መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ አንዷ ስሙንና መጠኑን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ ታያለች። ልጆቹ መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥለው ለመዱት። ውሎ አድሮ ክፍሉ ተለወጠ። ጠብና ለቅሶ ቀነሰ። ታማሚ ላይ መጮህ ቀረ። ዊጅዳን ራሷ «እንቅልፍ ትሕትና ያስተምራል ለካ» አለች።

ታማሚዎቹ ያውቁ ነበር፤ ማንም ግን አልተናገረም። ከሁሉ በላይ የምታውቀው በመስኮቱ በኩል ያለችው ሐጃ በሲማ ነበረች። ሐጃ በሲማ የስኳርና የልብ ሕመም አለባት፤ ስትድን ትወጣለች፣ ሲብስባት ትመለሳለች፤ የሷን አልጋ ሌላ ሰው ከያዘው ትቆጣለች። አንዲት ነርስ ወደ አንሶላ ክፍሉ ስትገባ ካየች በሩን ትጠብቃለች። እንግዳ ሰው በኮሪደሩ ሲመጣ ትስላለች። ሳሏ ግድግዳ ያነቃንቃል።

«ሐጃ፣ ይሄ ሳል መድኃኒት ይፈልጋል» ትላታለች ዊጅዳን።

«የኔ መድኃኒት እናንተ ተኝታችሁ መነሣታችሁ ነው። ባለፈው ተራሽን ያልተኛሽ ጊዜ ክንዴን ወንፊት አድርገሽዋል፤ ዛሬ ደም ሥሬን በአንዴ አገኘሽው።»

ሐጃ በሲማ ለመታጠብ በሄደችበት አንድ ቀን ነው ነገር የተበላሸው። እናቱን እዚያ ያስተኛ አንድ ሰው ግሉኮሷ አልቆ ነርስ ፍለጋ ወጣ። ዊጅዳን በሌላው ጫፍ አንዲት ሴት ስታስታውክ ይዛት ነበር፤ ድምፅ ሰጥታው «መጣሁ» ብላዋለች፤ እሱ ግን አልጠበቀም። በሮቹን እየከፈተ ሲሄድ አንሶላ ክፍሉ ጋ ደረሰ። ሪሃብ ጫማዋን አውልቃ፣ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኝታለች። ሰውየው አልቀሰቀሳትም። ስልኩን አወጣ።

ከመሸ በኋላ ያነሣትን ፎቶ ከተማው ሁሉ አየው። «እናቶቻችን ሲሞቱ የምሕረት መላእክት ያንቀላፋሉ» ይላል ከሥሩ የተጻፈው። የሪሃብ አማት ሳትቀር በጎረቤት ስልክ አይታው ለልጇ፣ «ሚስትህን አፏን ከፍታ መንደሩ ሁሉ አያት» አለችው። የሚሰድበው ብዙ ነበር፤ የዚያች ልጅ ፈረቃ ስንት ሰዓት እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ዶክተር ሙርተዳ በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ቢሮው አቆማቸው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ሆቴል ነው እንዴ የከፈታችሁት?»

«አይደለም ዶክተር» አለች ኢንሺራህ። «ሆቴል ቢሆን በቂ ሠራተኛ ይቀጠርልን ነበር።»

«አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ! ማነው የፈቀደው?»

ሪሃብ እያለቀሰች ነው። ዊጅዳን የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ኢንሺራህ ወደ ሁለቱም አልዞረችም።

«እኔ ነኝ። ተኚ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። አልተኛም ብትል ኖሮ አባርራት ነበር።»

«እኔ ሥልጠና ላይ ያለሁ ሬዚደንት ሐኪም በነበርኩ ጊዜ» አለ ዶክተር ሙርተዳ፣ ጣቱን እየነቀነቀ፣ «ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ሠርቻለሁ! ምን ሆንኩ? ምንም አልሆንኩም!»

«ታማሚዎቹስ ምንም አልሆኑም፣ ዶክተር?»

ሰውየው ፊቱ ደም መሰለ። የተናገረው ቃል ጥቂት ነበር፤ «ውጪ» የሚለው ነው ጎልቶ የተሰማው። ሪሃብ ከደመወዟ ተቀጣች። ኢንሺራህ ከኃላፊነቷ ተነሥታ ወደ ምድር ቤት፣ የቀዶ ጥገና ዕቃና ፋሻ ወደሚቀቀልበት ክፍል ወረደች። አንድ ጥፋት ብትደግም ደግሞ ከክፍለ አገሩ ዳር፣ ሚኒባስ እንኳ በወጉ ወደማይገባበት ጤና ጣቢያ እንደምትወረወር ተነገራት። በእሷ ቦታ ዊጅዳን ተሾመች። አንሶላ ክፍሉ ተቆለፈ። ነርሶች እንዳያሸልቡ ተብሎም ከክፍሉ ወንበሮቹ ተነሡ።

ዊጅዳን ከሹመቷ በኋላ ኢንሺራህን ደረጃው ላይ አገኘቻት። አቅፋ ሳመቻት፤ ግን ቶሎ ለቀቀቻት።

«ምን ላድርግ ትያለሽ?» አለች ዊጅዳን፣ ኢንሺራህ ምንም ሳትጠይቃት። «አንቺ ተናገርሽ፤ ምን ተረፈሽ? እኔ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ።»

«ምንም አላልኩሽም እኮ።»

«ዓይንሽ ይላል» አለችና ሽቅብ ወጣች።

ምድር ቤቱ እንፋሎትና ሙቀት ነው። የቦታው አለቃ ዓም ሻዝሊ፣ አጎት ሻዝሊ እንደ ማለት፣ ይባላል፤ ጢሙን በየቀኑ የሚከረክም፣ ሰላምታው የሚጣፍጥ፣ ያየውን ሁሉ ግን ላይ ወጥቶ ለአለቆች የሚያወራ ሰው ነው። ኢንሺራህ ፋሻ እያጠፈች ጆሮዋን ላይኛው ፎቅ ላይ ጥላ ዋለች። ልጆቹ ቆመው እንደሚያንቀላፉ ሰማች። አንዷ ጋሪ ስትገፋ ግድግዳ መታች። ሌላዋ ታማ ቀረች፣ በዚያው ሳትመለስ ቀረች። መድኃኒት ጮክ ብሎ ማንበብም ቀረ፤ የሚያነብ እንጂ የሚሰማ ሁለተኛ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሪሃብ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ግድግዳ ይዛ ነው የገባችው። ኢንሺራህ ስታያት ማን እንደሆነች ለመለየት ጥቂት ቆየች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አብላ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኢያድ ጥርስ እያወጣ ነው፣ ትናንት ሌሊት እቤትም አላስተኛኝም። ዛሬ ደግሞ አብራኝ የምትሠራዋ ቀረች። እዚህ ፋሻው ጀርባ ትንሽ ጋደም ልበል። ጀርባዬን ብቻ። ዊጅዳን ክፍሉን ትጠብቅልኛለች፣ ለምኛት እሺ ብላኛለች፤ ታች ከሆነ አላየሁም እላለሁ ብላለች።»

ኢንሺራህ አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት በእንፋሎቱ ውስጥ ዓም ሻዝሊ ቀና ሲል አየችው። እጁን በፎጣ እያደረቀ ወደ እነሱ ያያል። ፈገግም ብሏል። ጤና ጣቢያው ታወሳት፤ የሸውቂ የታመመ ወገብ ታወሳት፤ በቢሮው ውስጥ ብቻዋን «እኔ ነኝ» ያለችበት ጊዜ ታወሳት። ያን ቃል ሁለተኛ ለመናገር አቅም አጣች።

«ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ» አለች። «ፊትሽን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ። ጠቆር ያለ ሻይ ጠጪ። ነገ እኔ ራሴ አንድ ነገር አደርጋለሁ።»

ሪሃብ አልተከራከረችም። «እሺ አብላ፣ ይቅርታ አስቸገርኩሽ» አለችና እንደገና ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ኢንሺራህን ኋላ ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይህ «ይቅርታ» ነው።

ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሪሃብ ኢንሱሊን ለመስጠት ዞረች። ለሐጃ በሲማ ቀድማ ሰጥታታለች። ጎን ላለችው ሴት ደግሞ ስባ ስትዞር፣ እግሯ እንደ ለመደው ወደ መስኮቱ በኩል ሄደ፤ ሐጃ በሲማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ክንዷን ገልጣ ወጋቻት። ሐጃ በሲማ ሳትዞር «እጅሽ ዛሬም ቀለለ፣ አበጀሽ» አለቻት ይባላል። ጎን ያለችው ሴት ለፍርድ ቤት የመሰከረችው እንደዚያ ነው።

ሐጃ በሲማ እንቅልፍ የወሰዳት መሰላቸው። የእራት ሾርባ ሲመጣ ግን አልነቃ አለች። ስኳር ሰጧት፣ ሐኪም ጠሩ፣ ደረቷን ተጫኑ፤ ልቧ ድሮውንም ደካማ ነበር። ከመንጋቱ በፊት አረፈች።

ስህተቱን የተናገረችው ሪሃብ ራሷ ነች። ማንም ሳይጠይቃት፣ በባዶው አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ለሐኪሙ «ሁለት ጊዜ ሰጥቻታለሁ መሰለኝ» አለችው። የሐጃ በሲማ ልጆች ሲመጡም አልሸሸችም። ታላቁ ልጅ በጥፊ መታት፤ ታናሹ ግን ያዘውና «ተው፣ እናታችን ትወዳት ነበር» እያለ አለቀሰ። ፖሊስ መጣና ወሰዳት።

ኢንሺራህ አቃቤ ሕጉ ዘንድ ሳትጠራ ሄደች። አቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ የጠራ፣ ንግግሩ የታረመ። ወንበር ሰጣት።

«ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ ብቻዋን ነበረች» አለችው። «ከዚያ በፊት በነበረውም ሌሊት አልተኛችም። ደክሟት ነበር ጌታዬ።»

«ድካም ማስረጃ አይደለም፣ እመቤት። እሷ ደህና ነኝ ብላ ሥራ ገብታለች።»

«ደህና አይደለሁም ብትል ማን ይቀበላታል?»

አቃቤ ሕጉ ትከሻውን ነቀነቀ። ኢንሺራህ ያን ጊዜ የመጣችበትን ነገር አወጣችው። «ወደ እኔም መጥታ ነበር። የዚያን ዕለት። ትንሽ ልተኛ ብላ ለመነችኝ፤ መለስኳት። ይህንንም ይጻፉልኝ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ። አቃቤ ሕጉ በእጁ አስቆመው።

«ይሄ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» አለ፣ ለእሷ ማዘኑን በሚያሳይ ድምፅ። «እርስዎ ምንም ያጠፉት የለም። በሥራ ቦታ አትተኚ ማለትዎ ትክክል ነው።»

ኢንሺራህ ከዚያ ቢሮ እንዴት እንደ ወጣች አታውቅም። በሕይወቷ ትክክል ነሽ የተባለችው በዚህ ነገር ብቻ መሰላት።

ሪሃብ የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ በገደብ ተለቀቀች፤ ከነርስነት ግን ተሰረዘች። ዶክተር ሙርተዳ ጥፋቱ «የአንድ ግለሰብ ቸልተኝነት» እንደሆነ ለጋዜጠኛ ተናገረ። ሆኖም ከላይ አንድ ነገር አድርጉ ሳይባል አልቀረም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለነርሶች ስለ ድካም አያያዝ ሥልጠና ተዘጋጀ። ቀኑ የተመረጠው ሲሠሩ ያደሩት ነርሶች ከሥራ በሚወጡበት ጠዋት ነው፤ መቅረት አይቻልም ተባለ። ከካይሮ የመጣች ሽቶዋ የሚያውድ አሠልጣኝ ውኃ እንዲጠጡ፣ በቀን ስምንት ሰዓት እንዲተኙ፣ ምሽት ላይ በባዶ እግራቸው ሣር ላይ እንዲሄዱ መከረቻቸው። ከኋላ ያሉት ነርሶች ግማሹ ተኝተዋል፣ የፊተኞቹ ዓይናቸውን ገልጠው ተኝተዋል። አንዷ ብቻ እጇን አውጥታ፣ «ሚስ፣ ስምንቱን ሰዓት ከየትኛው ቀን ላይ እንቁረጠው?» አለች። አሠልጣኟ ጥያቄውን እንደ ቀልድ ቆጥራ ሳቀች፤ ጭብጨባም አስጨበጨበች። በጭብጨባው የነቁ ነበሩ።

ዊጅዳን ያን ክረምት ኩዌት ሄደች። ስትሄድ ኢንሺራህን አልተሰናበተችም። ክፍሉ ያለ ኃላፊ ከረመ፤ ቦታውን የሚፈልግ ጠፋ። በመጨረሻ ዶክተር ሙርተዳ ኢንሺራህን አስጠራት። በዚህ ጊዜ ወንበር ሰጣት፣ ሻይም አዘዘላት።

«ወደ ቦታሽ ተመለሺ» አላት። «ያለፈው አልፏል።»

«ልጆቹ ይተኛሉ፣ ዶክተር። በተራ። እኔ ካለሁ ይተኛሉ።»

ዶክተር ሙርተዳ ወደ በሩ አየ፤ መዘጋቱን አረጋገጠ። «እኔ አልሰማሁም» አለ ቀስ ብሎ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም። እንደምታውቂ አድርጊ።»

«ይጻፍልኛ። ዋና ሐኪሙ ፈቅዷል ተብሎ ይጻፍ።»

ሳቀ፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነበር። «ኢንሺራህ፣ እስከ ዛሬ ልጅ ነሽ እንዴ? ከተጻፈ የኔ ነው። ካልተጻፈ ያንቺ ነው።»

ቅዳሜ ዕለት ወደ ላይ ወጣች። አንሶላ ክፍሉን አስከፈተች፤ ለአዲሶቹ ልጆች ደንቡን ነገረቻቸው። ነገር ቢመጣ ዕዳው በማን ራስ ላይ እንደሚያርፍ ታውቃለች። ይህን ለሸውቂ ስትነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

ከዚያ ሳምንት በአንዱ ቀን ሪሃብን ለማየት ሄደች። ሪሃብ ገበያው መግቢያ ላይ ባለ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ተቀጥራ ባልዲና ሳፋ ትሸጣለች። ወፍራለች፤ ፊቷም ቀለም አግኝቷል። ኢንሺራህ ለኢያድ የገዛችውን ኳስ ሰጠቻት።

«አደገ?»

«አደገ፣ አልሐምዱሊላህ። ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል አሁን።»

ኢንሺራህ ወደ ክፍሉ መመለሷን ነገረቻት፤ ልጆቹ እንደ ድሮው በተራ እንደሚተኙም። 

ሪሃብ የተደራረቡትን ሳፋዎች አስተካከለች። «ደግ አደረግሽ፣ አብላ» አለች። ቀጥላ፣ ቁጣም ልቅሶም በሌለበት ድምፅ፣ «እኔ ያን ቀን የለመንኩሽ ጥቂት ነበር እኮ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አሁን ጊዜ አለኝ፤ በጊዜ ነው እቤት የምገባው። ዓይኔ ግን አይከደንም። ጋደም ስል ያቺ ሐጃ ክንዷን ትሰጠኛለች።»

አንዲት ደንበኛ ገብታ ክዳን ያለውን ባልዲ ዋጋ ጠየቀች። ሪሃብ ዞር ብላ ልታሳያት ከላይኛው መደርደሪያ ለማውረድ በርጩማ ላይ ወጣች። ኢንሺራህ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። ሴትዮዋ ሰማያዊውን አልወደደችውም፣ አረንጓዴውን አስወረደች፣ ከዚያ ቀዩን አስወረደች። ኢንሺራህ ልጆቹን የምታስተኛበት የከሰዓቱ ተራ ደረሰባት። በእጇ ምልክት ሰጥታ ወጣች፤ ሪሃብ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየቻትም።